ቅቤ የነካው ገንፎ

ኢንስፔክተር ሙሉአለም ከውጫሌ በባጃጅ ስትደርስ የዘሀራ ሬሳ ገና አልታጠበም ነበር። የሟች እህት ዋሲላ በሩ ላይ ቆማ አጣቢዎቹን መልሳለች።

«መርዝ ነው! የልጇ ሚስት ናት ያበላቻት! ሳትመረመር አትቀበርም!»

ሙሉአለም ገብታ ጨርቁን ገለጠች። የዘሀራ ዓይን ነጩ ብጫ ሆኗል። ሆዷ ተነፍቶ እንደ ጣውላ ደርቋል። ከአልጋው ሥር ገንፎ የተበላበት ሳህን አለ፤ መሀሉ ላይ ቅቤ ረግቷል።

የዘሀራ ምራት ነጅዋ ጡት የሚጠባ ልጇን ታቅፋ ጥግ ላይ ተኮራምታለች።

«ቅቤውን የጨመርሽው አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ሐሞቷ ላይ ጠጠር አለ ተብሎ ቅባት ከተከለከለች ቆይታለች። ማክሰኞ ጠዋት ግን ‹ውጋቱ ድንገት ለቀቀኝ፣ አልሃምዱሊላህ› አለችኝ። ረቡዕ ደግሞ ‹ትንሽ ጠብ አድርጊልኝ› ብላ ለመነችኝ። አሳዘነችኝ። ሌሊቱን ላብ አጠመቃት፤ ሲነጋ የለችም። ገደልኋት እኮ!»

የዘሀራ ልጅ፣ የነጅዋ ባል ጠሃ ራሱን ያዘ። «ከሰኞ ጀምራ ትንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ ነው ብዬ ማስታገሻ ሰጠኋት። ዓይኗንም ሳየው የወፍ በሽታ መሰለኝ። እኔም አለሁበት።»

«ጠጠር አለ ያላት ሐኪም ዘንድ የወሰዳት ማነው?»

«አክስቴ ዋሲላ ናት፣ ደሴ ሆስፒታል። እኔ ያኔ ጅዳ ነበርሁ።»

ሙሉአለም ማድቤት ገባች። ዘይት ያልነካው ምስር በትንሽ ድስት ተቀምጧል። ዋሲላ ተከትላት ገባች።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ምን አለዎት?»

«ቅባት እንዳይነካት። በቃ! እኔም ቅቤ አላስቀመስሁ፣ ሥጋ አላስቀመስሁ፣ ጠበቅኋት። ሳይቀዷት በምስር ላኖራት ነበር። ይች ቀበጥ ጨረሰችብኝ!»

ሙሉአለም ድስቱን ከደነችና ወጣች።

ሬሳው ለምርመራ ደሴ ሄደ። ነጅዋም በዋሲላ ክስ ልጇን እንደታቀፈች ፖሊስ ጣቢያ አደረች። በማግስቱ ሙሉአለም ሬሳውንም ነጅዋንም ይዛ ተመለሰች። ሴቶቹ ሲያጥቡ ዋሲላ አልገባችም፤ ውጭ ተቀምጣ መሬቱን በእንጨት ትጭር ነበር።

ከቀብር መልስ ቤተሰቡ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰበ።

«መርዝ የለም» አለች ሙሉአለም። «የተገኘው የፈነዳ የሐሞት ከረጢት ነው። ጠጠሩ መውጫውን ስለዘጋው ከረጢቱ መግል ቋጥሯል። ማክሰኞ ውጋቱ ሲለቃት ዳነች አላችሁ። የለቀቃት ግን ከረጢቱ ስለፈነዳ ነው። ቅቤው የመጣው ረቡዕ ነው። ነጅዋ፣ አንች አልገደልሻትም።»

ነጅዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ጠሃ፣ ትኩሳትና ብጫ ዓይን ያየህ ዕለት ሆስፒታል ማድረስ ነበረብህ። ግን ቅባት ከተወች ይበቃታል ተብለሃል። ቅባት መተው ውጋቱን ያስታግሳል እንጂ ጠጠሩን አያወጣም።»

ወደ ዋሲላ ዞረች። «እትዬ፣ ‹ሳይቀዷት› አሉኝ። በዚህ ቤት ስለ መቅደድ ያነሳ ሌላ ሰው የለም። ሐኪሙን ጠየቅሁት። ‹ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፣ አትዘግዩ ብዬ ለአስታማሚዋ ነግሬያለሁ› አለኝ።»

ሁሉም ወደ ዋሲላ ዞሩ።

«ባሌን ሰዑድን ቀደው ሬሳውን በቃሬዛ ነው የመለሱልኝ!» አለች። «እህቴንም ልስጣቸው? ዘይት ሳላስነካ፣ በእጄ እያጎረስሁ ያኖርኋት እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ነጅዋን ለምን አሳሰርሻት?» አለ ጠሃ።

«የገደላት ቅቤው ይሁን ብዬ ነዋ። ቅቤው ካልሆነ...»

አልጨረሰችውም። ቀስ ብላ፣ «ከቢላ ሳሸሻት ኖሬ» አለች፣ «መርምሩልኝ ብዬ እኔው አስቀደድኋት። መልሰው ሰፏት?»

ነጅዋ ልጇን ለጠሃ አቀበለችና ዋሲላ እግር ሥር ተቀመጠች።

«አጥቤያታለሁ፣ አክስቴ» አለቻት። «ሰፍተዋታል።»