የታችኛው ሰፈር ትኩሳት

ቃል-መርማሪው እንደ ወትሮው በሞት መዝጋቢዋ በስንዱ ትከሻ ላይ ተፈናጦ፣ ወደ እያንዳንዱ ሐዘን ቤት ሲገቡ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ጥያቄውን ይጀምር ነበር። የፀሐይ ማዕበል የጨው ምድርን ሐኪም ቤቶች መዝገብና መመርመሪያ ጠራርጎ ካቃጠለው ወዲህ፣ ሰው በምን እንደሞተ የሚናገር ሌላ ማስረጃ አልተረፈም። ስለዚህ ይህች ጫጩት የምታክል መሣሪያ የሟች ዘመዶችን ታናግራለች፤ ቃላቸውን፣ የድምፃቸውን መንቀጥቀጥ፣ ዝምታቸውን ሳይቀር ትመዝናለች፤ ከዚያ የሞቱን ዓይነት በይና ወደ ላይኛው ከተማ ትልካለች። ሰዉ ግን «መርማሪው» እያለ እንደ ወንድ ይጠራታል፤ ስንዱም ለምዳዋለች።

በታችኛው ሰፈር የሁሉም መልስ አንድ ሆነ። «ትኩሳት ነው። ያዘው፣ ጣለው፣ በቃ።» እናትም እንዲሁ፣ ሚስትም እንዲሁ። ስንዱ አልተዋጠላትም። ይህ ሁሉ ጎልማሳ ባንድ ሰሞን ሲረግፍ አንድ ሕፃን፣ አንዲት አሮጊት እንኳ እንዴት አይሞቱም? ትኩሳት መቼ ወንድ መርጦ ያውቃል? ሰፈሩ የትውልድ ሰፈሯ ነው፤ ከሟቾቹ አንዱ ደግሞ እሷ ላይኛው ከተማ ሥራ ላይ ሳለች የተቀበረው ታናሽ ወንድሟ ቢያድግልኝ ነው።

መርማሪው ግን ብይኑን ላከ። «ተላላፊ» የሚል አንድ ቃል ነው። ወዲያው የወረርሽኝ መከላከያ አዛዡ ኮማንደር ገረመው በመገናኛዋ መጣ።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ቶሎ ይውጡ። ፀሐይ ስትጠልቅ የሰፈሩን በር እናሽጋለን። የሰፈሩ አየር ማቀዝቀዣም ይቋረጣል።»

«በዚህ ሐሩር ማቀዝቀዣ ከተቋረጠ እስከ ነገ የሚተርፍ የለም። ሕፃናት አሉ እኮ፣ ኮማንደር።»

«እዚህም ሕፃናት አሉ። መርማሪው ብይኑን ካላነሳ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።»

አዛዥ መቼም መልስ አያጣም። ስንዱ ከአንድ ግቢ አካፋ አንስታ ወደ መቃብሩ ሄደች። ሕያዋኑ ካልተናገሩ ሬሳው ይናገር ብላ ነው።

አዳሙ እያለከለከ ደረሰባት። ከልጅነት ጀምሮ የቢያድግልኝ ባልንጀራ ነበር፤ እንጀራቸውም ያው አንድ የጨው አለት ጉድጓድ፣ በተለያየ ፈረቃ።

«እትዬ ስንዱ፣ ተይ። ሽማግሌዎቹ እስኪመክሩ ታገሺ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ነው የሚጠራው፤ እኛ ደግሞ ማደሪያ የለንም። ትኩሳት ከሆነ ምን አስፈራህ?»

አዳሙ አቀረቀረ። እሷም ቆፈረች።

የጨው አፈር ሬሳ አያበሰብስም። መግነዙን ስትፈታው የወንድሟ ፊት እንዳለ ብቅ አለ፤ ቅንድቡ፣ የደረቀ ከንፈሩ፣ ሁሉም አለ። ከአንገቱ በታች ግን ሰው አይመስልም። ከግራ ትከሻው እስከ ወገቡ ተተርትሯል። አለት በብርሃን የሚቆርጡበት መሣሪያ፣ ፈላጭ የሚሉት፣ የጎድን አጥንቶቹን እንደ ሸንኮራ ከትክቷቸዋል፤ የተቆረጠው ጫፍ ሁሉ ከስሏል። የሁለት እጆቹ ጣቶችም የሉም። ፊቱን ሊከልል እጁን ሲዘረጋ አብረው ሄደዋል።

ስንዱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈልጋ እንባ እምቢ አላት።

«ንገረኝ» አለችው።

«ውሃ በሚታደልበት ቀን ነው» አለ አዳሙ። «ቦቴው ግማሹን ብቻ ይዞ መጣ። የቀን ፈረቃ ይቅደም፣ የሌሊት ፈረቃ ይቅደም ተባባልን። አንዱ ሌላውን ገፋ፤ ፈላጭ ተነሳ። ሰው አንጀቱን በእጁ ይዞ ሲሮጥ አይቻለሁ፣ እትዬ። የወደቀውን ሰው ደግመን ደጋግመን መታነው። ውሃው ፈሶ አለቀ፤ የጠጣው የለም። በማግስቱ ሽማግሌዎች መሐል ገቡ። ገዳይ በስሙ ከተጠራ ደም መላሽ ይነሳል፣ ከዚያ ወዲያ ሰፈር የለም አሉ። ሁሉም የሞተው በትኩሳት ነው ብለን ተማማልን። እናቶች ሳይቀሩ ማሉ።»

«ወንድሜንስ ማነው የገደለው?»

አዳሙ ከመቃብሩ ዳር አንድ የጨው ድንጋይ ብድግ አድርጎ በአንገቱ ላይ ተሸከመና እግሯ ሥር ተንበረከከ። በአገሩ ወግ ገዳይ የሟችን ወገን ምሕረት የሚለምነው እንዲህ ነው፤ ድንጋዩን ካነሱለት ማሩት ማለት ነው።

ስንዱ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል መርማሪውን አናገረችው። «ሰማህ? በሽታ አይደለም። ብይኑን አንሳ።»

«በሽታ አለመሆኑን ከመጀመሪያዋ እናት ድምፅ ተረድቻለሁ» አለ መርማሪው፣ በዚያው የሐዘን ቤት ትሕትናው።

«ታዲያ ለምን ተላላፊ አልክ?»

«ስለሚተላለፍ ነው። እንዲህ ያለው ሞት ከወንድም ወደ ወንድም፣ ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹም ይህንኑ ፈርተው ነው ያስማሉት። ብይኔን እንዳነሳ፣ እውነቱን አውቆ ገዳዩ ፊት የቆመ፣ በቀሉም ያልያዘው አንድ ዘመድ ማየት ነበረብኝ። አላገኘሁም።» ትከሻዋ ላይ ወደ እሷ ዞረ። «አሁን እርስዎ አሉ።»

ስንዱ አካፋው መቼ እንደተነሳ አላወቀችም። በሁለት እጇ ጨብጣዋለች፤ ስለቱ ከአዳሙ ማጅራት በላይ ተንጠልጥሏል። ፀሐይዋ ከጨው ሜዳው ጫፍ ልትደርስ ጥቂት ቀርቷታል። የሰፈሩ ሕፃናት ትዝ አሏት፤ እነሱ ግን ሩቅ ነበሩ፣ የወንድሟ የተቆረጡ ጣቶች ቅርብ። ልትገድለው ፈለገች። እድሜዋን ሙሉ እንደዚህ አጥብቃ የፈለገችው ነገር አልነበረም።

«ምቺኝ፣ እትዬ» አለ አዳሙ ከድንጋዩ ሥር። «አልቀየምሽም።»

ባላት ኃይል አወረደችው። አካፋው ከጆሮው አጠገብ ጨው ውስጥ ተሰነቀረ፤ ፍንጣሪው ጉንጩን ሸንትሮት ደሙ ጠብ ጠብ አለ። ስንዱ እጀታውን ለቃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ድንጋዩን ግን አላነሳችለትም።

«አልተላለፈም» ሲል መርማሪው ወደ ላይኛው ከተማ ላከ። ኮማንደሩ በሩ እንዳይታሸግ አዘዘ፤ ማቀዝቀዣውም ማጉረምረሙን ቀጠለ።

ስንዱ ግን መሣሪያው መሳሳቱን ታውቃለች። ተላልፎባታል። አካፋውን ነቅላ ወንድሟን አፈር ስታለብስ፣ ዓይኗ የአዳሙን ማጅራት ይፈልግ ነበር። ነገ ውሃ ሰልፍ ላይ ስታየው ያ የመግደል ፍላጎት ይነሳባታል፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። እየተነሳባት ትተወዋለች እንጂ አይለቃትም። ይህን ሁሉ ለመርማሪው መንገር ትችል ነበር፤ ከነገረችው ግን በሩ ይታሸጋል። ዝም ብላ አፈሩን መለሰች።