አንድ ሊትር በስድስት ሰከንድ

እመኑኝ አልላችሁም። ያየሁትን ግን በሰዓቱና በልኩ እነግራችኋለሁ።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግታ... እዚሁ ቤታችን ውስጥ።

የምሠራው ላቦራቶሪ ነው። ሳልለካ አላምንም። እናቴ ኩላሊቷን ታማ ከሆስፒታል ከወጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሐኪሙ "በቀን ሁለት ሊትር ካልጠጣች አትተርፍም" ብሎኛል።

የኩሽናው ቧንቧ ደግሞ ውሃው እንደ ክር ቀጥኗል።

ጎኑ ላይ የልክ ጭረት ባለው ጆግ ለካሁት። አንድ ሊትር በሠላሳ አንድ ሰከንድ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ግን በስድስት ይሞላዋል።

"አንቺ እኮ እንባሽንም ሳትለኪ አታለቅሺም" አለችኝ እማዬ ከአልጋዋ።

የቧንቧውን አፍ ፈታሁ። ወንፊቷን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፍኩ፤ ነጩን ቅርፊት በጥርስ ብሩሽ ፈቅፍቄ መለስኳት።

አሁንም ሠላሳ አንድ።

ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ከማጠቢያው ሥር በጀርባው ተኝቶ ገባ።

"እህቴ፣ እዚህ ሌላ ቧንቧ አለ። ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ከጀርባው ምንድን ነው?"

"ምንም። ግቢው ነው።"

ዞረን አየን። ግድግዳው ደረቅ ነው። የሚወጣ ቧንቧ የለም።

"ታዲያ ውሃችሁን ማን ይጠጣዋል?" ብሎ ሳቀ። ተመልሶ ያንን ቧንቧ በመዳፉ ያዘ...

ሳቁ ቆመ።

"ዳስሺው..." አለኝ በሹክሹክታ።

ዳሰስኩት። ከውስጥ የሆነ ነገር ውሃውን ይጎትታል... ያቆማል... ይጎትታል።

"ዝጋው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ዝጋው አልኩህ!"

የዚያን ቧንቧ መዝጊያ ቫልቭ አጥብቆ ዘጋው። የኩሽናው ውሃ እየተንፎለፎለ መጣ። ለካሁ። ስድስት ሰከንድ!

ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

"ሻይ ላፍላልህ?"

"በዚህ ውሃ? ይቅርብኝ" አለና መፍቻውን እንኳ ሳያነሳ ወጣ።

ጆጉን እስከ ሁለት ሊትር ሞልቼ እማዬ ራስጌ አስቀመጥኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስገባ ግማሹ የለም።

"ጎበዝ የኔ እናት!"

ዓይኗን ከጆጉ አልነቀለችም።

"እኔ አልነካሁትም... ቀስ በይ... እየጠጣ ነው።"

ብርጭቆዋ ደረቅ ነው። ወለሉም ደረቅ ነው።

ውሃው አንድ ጭረት ወረደ... ቆመ... አንድ ጭረት ወረደ።

በሰዓቴ ቆጠርኩ። በየስድስት ሰከንዱ።

ሮጥኩ። ቫልቩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። "ይኸው... ይኸው ጠጣ..." አልኩ ለግድግዳው። ቧንቧውን በመዳፌ ያዝኩ።

ውሃ ሞልቶታል። የሚጎትተው ግን የለም።

"ልጄ... ጠማኝ..."

ስመለስ ጆጉ ባዶ ነው። የእማዬ ከንፈር ተሰነጣጥቋል። የልብ ምቷን ልቆጥር እጇን ያዝኩ።

ቆዳዋ ከጣቶቼ ሥር ወደ ውስጥ ይጎተታል... ይቆማል...

ይጎተታል።