እሾህ ያላወጣው ጠብታ

ፕሮፌሰሩ መሰላሉ ሥር በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቷል፤ ዙሪያቸውን ሲሚንቶው ላይ ወፍራም ቀይ ቀለም ተንጠባጥቧል። መጀመሪያ ያየቻቸው ፅዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ጩኸቷ ሕንፃውን አናጋው። ከዚያ ወዲህ ጥፋቱ የራሷ መሰላት። ለምን ቢሉ፣ ጠዋት መሰላሉን በሳሙና ያጠበችው እሷ ነበረች።

«ወንድሜን ገደልሽብኝ!» ጮኸችባት የሟች እህት፣ የቤተ ሙከራው ጸሐፊ።

ፅዳት ሠራተኛዋን የእስር ቤቱ በር ሲዘጋባት ታያት። ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል? አይ ፍርሃት! ያልሠሩትን እንኳ ሠራሁ ያሰኛል።

የዚያ ቤተ ሙከራ ሥራ ጠብታን ከላይ መስታወት ላይ እየለቀቁ አወዳደቁን ማጥናት ነው። የፕሮፌሰሩ ረዳት እንባውን እየጠረገ መሰከረ፤ «ቀለሙን ይዘው ላይኛው እርከን ላይ ቆመው ነበር። እግራቸው አዳለጣቸው። ቀለሙ ከላይ፣ ከእጃቸው ሲንጠባጠብ በዓይኔ አይቻለሁ።»

የፖሊስ መርማሪዋ አፍንጫዋ ወለሉን ሊነካ እስኪደርስ አጎነበሰች። ቆይታ ፅዳት ሠራተኛዋን ጠራቻት።

«እህቴ፣ ይህን ወለል የምትፈገፍጊው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ቀለም ከከፍታ ሲወርድበት ምን ይመስላል?»

«እሾህ ያወጣል፣ ይፈነጥራል። ወገቤን የቆረጡት እኮ እነዚያ ፍንጣቂዎች ናቸው! ከዝቅታ ሲንጠባጠብ ግን ክብ ብሎ ይቀመጣል፤ ባንዴ ይነሳል።»

ተናግራ ሳትጨርስ ደነገጠች። በገዛ አፌ ራሴን አሳሰርኩ ይሆን? ቀኑን ሙሉ ይኸው ሲያብሰለስላት ዋለ።

ከሰዓት በኋላ እህትየዋ፣ ረዳቱና ፅዳት ሠራተኛዋ፣ ሦስቱም ተጠሩ። መርማሪዋ መሰላሉ ላይ ወጥታ ጠብታ ለቀቀች፤ ሲሚንቶው ላይ እሾህ አወጣ። ወርዳ፣ ተንበርክካ ሌላ ለቀቀች፤ ድፍን ክብ ሆነ።

«አስከሬኑ ዙሪያ ያለው ሁሉ ክብ ነው» አለች። «ስለዚህ ቀለሙን ያንጠባጠበው ሰው ተንበርክኮ ነበር። ፕሮፌሰሩ አልወደቁም፤ ከኋላ ተመትተዋል። ይቺ ሴት ብታደርገው እንዲህ አትሳሳትም፣ ሲሚንቶውን ታውቀዋለች። ‹ከላይ ሲንጠባጠብ አየሁ› ያለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ረዳቱ ፊቱ አመድ መሰለ። «ከላይም ቢወርድ እኮ ክብ ነው፤ መስታወት ላይ...» አለና ቃሉን ዋጠው።

«አዎ፣ ልሙጥ መስታወት ላይ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከመስታወቱ ሌላ መች አየህ? ሲሚንቶው ሻካራ ነው፣ ጠብታውን ይበትነዋል። የሐሰት ውጤት መጻፍህን ፕሮፌሰሩ ደርሰውበታል፤ የክስ ደብዳቤው መሳቢያቸው ውስጥ ተገኝቷል።»

ፖሊሶች ረዳቱን ይዘውት ሲወጡ የሟች እህት ወደ ፅዳት ሠራተኛዋ መጥታ እጇን ያዘች። «በሞቴ፣ ይቅር በይኝ።»

ፅዳት ሠራተኛዋ እጇን አላስለቀቀችም።

«ምን አጠፋሽ?» አለቻት። «እኔም እኮ ገድያቸዋለሁ ብዬ አምኜ ነበር።»