አምሐ ያጣጣላት መኪና

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ፉሪ፣ እኛ ግቢ ውስጥ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

አምሐ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነው። አንድ ምኞት ነበረው፤ አስፋልት ሲያልቅ የማትቆም መኪና። ጭቃና ዳገት የማትፈራ።

መካኒሳ አገኛት። ያገለገለች፣ ናፍጣ፣ ፎር ባይ ፎር። ሻጯ ባላቸው በቅርቡ የሞተባቸው ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ናቸው።

መኪናዋ እንከን አልነበረባትም። አምሐም ያውቃል። ግን ገዢ ሆኖ ያላጣጠለ ማን አለ?

ጭስ ታበዛለች አለ። ጭቃ ውስጥ የፊት ጎማዋ አይስብም አለ። ሴትዮዋ ስለ መኪና አያውቁምና አልተከራከሩትም። ዋጋውን ግን አልቀነሱም።

ይሄኔ ጎንበስ ብሎ የፊት ፓራውልቱን ዳሰሰ። ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"እትዬ... ይቺ መኪና ሰው ገጭታለች። ተጠግኖ ነው እንጂ።"

ወይዘሮዋ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

"ባሌ... አልነገረኝም" አሉ በሹክሹክታ።

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። እሱ በጠራው ዋጋ ወስዶ ከዓይናቸው እንዲያርቅላቸው ለመኑት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የአምሐ ግን እያደር ከበደ።

መጀመሪያ መኪናዋ ማጨስ ጀመረች። መካኒኩ ሞተሩን ፈታትቶ ምንም አላገኘም...

ቀጥሎ ገጠር ይዟት ወጣ። ጭቃ ውስጥ ገብታ የፊት ጎማዋ አልስብ አለ። በበሬ ተጎትታ ነው የወጣችው።

ያን ቀን ፊቱ አመድ መስሎ ቤቴ መጣና ሁሉንም ነገረኝ።

"ያልኩት ሁሉ እየሆነ ነው" አለኝ።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር...

ጎማዎቿ ስር ድንጋይ አደረግን። ቁልፉን እኔ ያዝኩት። ቅዳሜ ደግሞ አምሐ እውነቱን ሊናገር በታክሲ መካኒሳ ሄደ።

ኋላ እንደነገረኝ፣ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ጥቁር ነጠላቸውን እንደለበሱ በሩን ከፈቱለት።

"እንኳን መጣህ" አሉት። "ሰሞኑን የመኪናዋን ድምፅ ከበሩ ውጭ እሰማለሁ። እሱ የመጣ እየመሰለኝ እወጣለሁ... ማንም የለም።"

አምሐን ላብ አጠመቀው።

"እትዬ፣ እባክዎ አይውጡ።"

"ለምን ልጄ?"

አፉን ከፈተ። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

"እሱ ለገጨው ሰው ነፍስ በየቀኑ ጧፍ አበራለሁ። ባሌን ይቅር እንዲለው።"

አምሐ በዕድሜው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እንዲሁ ለሰላምታ ነው የመጣሁት ብሎ፣ ጫማውን እያየ ወጣ።

ግቢያችን ሲደርስ መኪናዋ አጠገብ ቆሜ አገኘኝ። የሞተር ድምፅ አልሰማሁም። ድንጋዮቹ እንዳሉ ናቸው። ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው።

ኮፈኑን ነካ አድርጌው እጄን መለስኩ... ይፋጃል።

ፓራውልቱ መሃሉ ላይ ተሰርጉዷል።

አምሐ ስልኩን አውጥቶ ወደ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ደወለ። ይጠራል...

እኔ ጎንበስ አልኩ። ከተሰረጎደው ብረት ላይ ቁራጭ ጥቁር ነጠላ ተንጠልጥሏል።

"አያነሱም" አለኝ አምሐ።

ስለ ቁራጩ አልነገርኩትም። ስልኩ አሁንም ይጠራል...