የደረጃው መታጠፊያ

አርክቴክቷ አናጺውን ያወቀችው ሲቃወማት ነው። በአሮጌው የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ቤቶቹ ፈርሰው ስለሚገነባው አፓርታማ ነዋሪውን ሰብስባ ስታስረዳ፣ የመጋዝ ብናኝ የለበሰ ወጣት ከኋላ እጁን አወጣ።

«እህቴ፣ እናቴ ጉልበቷን ታማለች። አንድ ቀን ቢብስባት በዚህ ደረጃ በቃሬዛ ትወርዳለች?»

«ትወርዳለች።»

«እስቲ እንሞክረው።»

የደረጃውን ልክ መሬት ላይ በኖራ አሰመረ። የእንጨት ሥራ ወርክሾፑን በር ነቀለና አንዱን ጫፍ ለእሷ ሰጣት። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ በሩ አልዞር አለ። ወደ ግራ ቢሉ፣ ወደ ቀኝ ቢሉ፣ ወይ ፍንክች! ሰፈርተኛው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ቀና ስትል ግን እሱ አይስቅም፤ እሷን ያያል። ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ከዚያ ወዲህ ሜትሯን ይዛ መመላለስ ጀመረች። ልብስ የሚሰጣበትን ግቢ፣ እናቱ ከጎረቤት ጋር ፀሐይ የሚሞቁበትን ደጃፍ ለካች። የሜትሩን ጫፍ የሚይዝላት እሱ ነው። ሜትሩ በተጠቀለለ ቁጥር ይቀራረባሉ።

ነገሩ ለእናቱ አልተዋጠላቸውም። «አንተ ልጅ፣ ቤትህን ለምታፈርስ ነው ልብህን የምትሰጠው?»

አለቃዋም ከልኬቱ ተነስታ ያወጣችውን አዲስ ንድፍ ውድቅ አደረገው። «ደረጃ ስታሰፊ፣ ምድር ቤቱን ለወርክሾፕ ስትሰጪ ስምንት ቤት ጎደለ። ወይ የድሮውን ፈርሚ፣ ወይ ቦታሽን ልቀቂ።»

አልፈረመችም። ንድፏን ጠቅልላ በቀጥታ ሰፈር ሄደችና ለእናትና ልጅ የሆነውን ነገረቻቸው።

«ለእኛ ብለሽ ከሥራሽ ወጣሽ?» አሉ እናቱ።

«ለራሴም ነው፣ እማማ። እያወቅኩ ያንን ደረጃ ብሠራ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

በማግስቱ እናቱ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሰፈሩን አስከትለው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ሰባት ወር ተመላለሱ። በመጨረሻ በእሷ ንድፍ ላይ አንድ ፎቅ እንዲጨመር ተፈቀደ፤ የጎደሉት ስምንት ቤቶች ተሟሉ። አለቃዋም ሥራውን የሚያውቅለት ሲያጣ ራሱ ደውሎ መለሳት።

የቤት ዕጣ በወጣበት ቀን አናጺው ገና ባልፈረሰው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ጠበቃት። የያዘውን ወረቀት አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ።

«ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል ደረሰን። ለእኔና ለእናቴ ይበቃል። አንቺ ብትጨመሪ... ይጠበን ይሆን?»

አርክቴክቷ ወረቀቱን ተቀብላ ዘረጋችው።

«የነደፍኩት እኔ ነኝ» አለችው ቀስ ብላ። «አይጠበንም።»

«ጆሮዬ እንኳ ደህና ነው» አሉ እናቱ ከውስጥ። «ግቡና በወጉ ንገሩኝ።»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ።