የዱዊሊዮ የኋላ በር

መምህር ኤርሳዶ በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በገዛ እጁ ከሠራው የእንጨት መርከብ ሥር ተዘርግቶ ተገኘ። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ አብጧል፤ ጣቱ ላይ ሁለት የጥርስ ምልክት አለ። በግራው አንዲት ትንሽ ጀልባ ጨብጧል። እባቡ ግን የለም።

ወቅቱ የ1976 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዝናቡ የጂንካን መንገድ ቆርጦታል፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ውሃ ተኝቶበታል። የሚወጣም የሚገባም የለም። ቀበሌው ግን መች ዝም ይላል! የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ዳርጌን «ቁልፉ አንተ ዘንድ ነው፤ እባቡን የጨመርከው አንተ ነህ» ብሎ አሰረው። ሰማዩ ሲከፈት በመጀመሪያው አውሮፕላን ወደ አርባ ምንጭ ሊልከው ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ተይዞ ሄዶ የተመለሰ ማን አለ?

መርማሪው መቶ አለቃ ዶላሞ መጀመሪያ ዳርጌን ጠየቀው።

«ቁልፉን ለማን ሰጠህ?»

«አስተማሪ ስጥ ካለኝ እሰጣለሁ፣ ጌታዬ። እምቢ የምል እኔ ማነኝ? ሐና ልትጠርግ ወሰደች። መምህር ፈለቀም ከዲመካ ያመጣውን የማር ቅል ላስቀምጥ ብሎ ወሰደ።»

የሟቹ እጮኛ መምህርት ሐና ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል።

«መርከቡ ዱዊሊዮ ይባላል። ጣሊያን የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የሠራችው ብረት ለበስ የጦር መርከብ ነው። አንዱ መድፍ ብቻ መቶ ቶን! መሃሉ ከግማሽ ሜትር በላይ ብረት ነው፤ ጫፎቹ ግን እርቃን። ኤርሳዶ ‹ያን ሁሉ ተሸክሞ አንድም ቀን ሳይዋጋ የድንጋይ ከሰል ማከማቻ ሆኖ ቀረ› እያለ ይስቅ ነበር። ለአብዮቱ በዓል ኤግዚቢሽን ተመርጦለት ነበር፤ ዝውውርም አግኝቶ አዲስ አበባ ሊቀር ነበር።»

«የደበቀው ነገር አለ?»

«‹አንድ ምስጢር አለው፣ እዚያ ነው የሚገለጠው› ይለኝ ነበር። ለእኔ እንኳ አልነገረኝም!»

የጂኦግራፊ መምህሩ ፈለቀ ትከሻውን ሰበቀ።

«እኔ መርከቡን ከሩቅ ነው የማውቀው። አገሩ የእባብ አገር ነው፣ መቶ አለቃ፤ በበር ሥር ገባ፣ በበር ሥር ወጣ።»

ዶላሞ ብቻውን ሲቀር መርከቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰ። ከኋላው፣ ከቀለሙ ጋር የተመሳሰለች፣ ሲለቋት ራሷ የምትዘጋ መዝጊያ አገኘ። በዱላ ከፈታት። ጀልባዋ ልክ የምትገባበት ጓዳ ነው፤ ወለሉ ላይ የእባብ ቅርፊት ቀርቷል።

በማግስቱ ሰማዩ ጠራ። ዶላሞ መርከቡን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ኋላውን ወደ በሩ አዞረና ሦስቱን ሰበሰበ። ዳርጌ በካቴና፣ በፖሊስ ታጅቦ ነው የመጣው።

«እባቡ አልወጣም» አለ ዶላሞ ድንገት መርከቡን በዱላ መትቶ። «አሁንም እዚህ ውስጥ ነው!»

ሐና ጮሃ ወደ በሩ ሮጠች፤ ቀሚሷ የመርከቡን ኋላ ታክኮ አለፈ። ዳርጌ ተከተላት። አጃቢው ፖሊስ እንኳ፣ ምን ያርግ፣ ወጣ። ፈለቀ ግን ከመርከቡ ፊት በኩል ወዳለው ማዕዘን ሸሽቶ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

«ግቡ፣ እባብ የለም» አለ ዶላሞ። «ፈለቀ፣ ሰው እባብ ሲፈራ ወደ በር ይሮጣል። አንተ በሩን ትተህ ለምን ማዕዘን ገባህ?»

«ደንግጬ ነው።»

«ሁሉም ደንግጧል። ግን ወደ በሩ የሚኬደው በመርከቡ ኋላ ነው። በሟቹ ንድፍ ላይ እንዳየሁት፣ እውነተኛው ዱዊሊዮ ከኋላው ቶርፔዶ የምትተኩስ ትንሽ የጦር ጀልባ የሚይዝ ጓዳ ነበረው፤ ኤርሳዶም ሠርቶለታል። ያላወቁት አለፉ፤ ያወቅኸው አንተ ፈራህ። ጀልባዋን አውጥተህ ላዩ ላይ አስቀመጥክ፤ በቦታዋ እባብ ዘጋህ። ኤርሳዶ ጀልባዋን ሊመልስ ከፍቶ እጁን ሰደደ። እባብ በቀዳዳ ይገባል እንጂ ጀልባ አውጥቶ፣ መዝጊያ ከፍቶ አይገባም። እባቡን ያመጣህበትን ቅልም አገኘነው፤ ማር ነክቶት አያውቅም።»

«ለእኔ ያልነገረኝን ለአንተ ነገረህ!» አለች ሐና። «እንዲህ አምኖህ!»

ፈለቀ ቁጭ አለ። «በየዓመቱ ዝውውር አመለከትኩ፤ በየዓመቱ ከለከሉኝ። አንድ ሰው ይወጣል ሲባል ትናንት የመጣው እሱ ሆነ። እዚሁ መበስበሴ ነው ብዬ… ቦታው ለእኔ ይደርሳል ብዬ ነው።»

የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። ዳርጌ ሊሄድ ተነሣ፤ ዶላሞ ግን ካቴናውን ከእጁ ፈቶ ፈለቀ እጅ ላይ አሰረው።

ሰዎች ከብቶቻቸውን ከሜዳው አስወጡ፤ አውሮፕላኑ ጭቃ እየረጨ አረፈ። ዳርጌ ዳር ቆሞ አንጓውን እያሻሸ ተመለከተ። ፈለቀም በመጨረሻ ከጂንካ ወጣ።