የይለፍ ቃል

ሁለቱ እህትማማቾች ወደ ስልክ ጥገና ቤቱ ሲገቡ መጀመሪያ የተሰማው የታላቂቱ ድምፅ ነበር።

«ስልኳ ሞልቶባት ነው። የሞላው ድምፅ ነው። የት እናስቀምጠው?»

ጠጋኙ ቀና አለ። ሰፈሩ ሁሉ «ጠጋኙ» ነው የሚለው፤ በስሙ የምትጠራው እናቱ ብቻ ናት። ከታላቂቱ ትከሻ ኋላ አንዲት ልጅ ቆማለች። ጣቶቿ ላይ የደረቀ ሙጫ፣ ቀሚሷ ላይ የክር ብጣሽ አለ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው መጽሐፍ ጠራዧ ናት። በመስኮት ስንቴ አይቷታል! እንዲህ በቅርብ ሲያያት ግን መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«የምን ድምፅ ነው?» አለ ጎንበስ ብሎ፤ መፍቻውን ለማንሳትም ፊቱን ለመደበቅም።

«የ... የራ...»

«የራሷ ድምፅ ነው ማለቷ ነው» አለች ታላቂቱ። «ስትናገር ቃል ይይዛታል። ብቻዋን እየቀዳች ትለማመዳለች።»

«እ... እኔ...»

«እኔ ልናገር ማለቷ ነው!»

ጠጋኙ ሳቁን ዋጠ። «እትዬ፣ እኔ አልቸኮልኩም። ትጨርስ።»

ታላቂቱ አፏን ከፍታ ቀረች። ጠራዧ ቀና ብላ አየችው። የግድግዳው ሰዓት ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ማ... ማንም... እንዳይሰማው እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያው ክላውድ ይሻልሻል» አላት። «ክላውድ ማለት በኢንተርኔት የተከራየሽው ዕቃ ቤት በይው። ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ባለቤቶቹም መለዋወጫ ቁልፍ አላቸው። ብትረሺ ይከፍቱልሻል፤ ሲያሰኛቸው ደግሞ ገብተው ሊያዩ ይችላሉ። በሁለተኛው ድምፅሽ ገና ከስልክሽ ሳይወጣ ይቆለፋል። ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው። ከጠፋብሽ ግን ማንም አያወጣልሽም፤ እኔም ብሆን።»

«ሁለተኛው!» አለች። ይቺን ቃል ምንም አልያዛትም።

«ለማንም የማትናገሪው የይለፍ ቃል ታወጪለታለሽ።»

ፈገግ አለች። «እኔ ጋ... ቃ... ቃል መች... ያልፋል?»

ሦስቱም ሳቁ። ስልኩን ትታለት ሄደች።

ሁለተኛውን ለመጫን ሲጀምር እጁ ቆመ። ብትረሳውስ? ያ ሁሉ ልፋቷ ውኃ በላው ማለት አይደል? እናም አንደኛውን መረጠ። ያውም በራሱ ኢሜይል ከፈተው። «ለክፉ ቀን ነው» አለ ለራሱ። ስትመለስ የይለፍ ቃሏን አስገባች፤ ቃሏ ግን የሚዘጋው የስልኳን በር ብቻ ነበር። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እሱ ኪስ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካ። በትክክል መግባቱን ለማረጋገጥ ነው... አንዱን ብቻ።

ያቺው ልጅ ናት። ግን አንድም ቃል አልያዛትም! ድምፅዋ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ይወርዳል። ለደንበኛ የምትለውን ትለማመዳለች፤ እህቷን የምትመልስበትን ትለማመዳለች። የመጨረሻው የትናንት ነው።

«ስለጠበቅከኝ አመሰግንሃለሁ። ሰው ሲጠብቀኝ ቃሉ በራሱ ጊዜ ይመጣል።»

ለእሱ ነው! ማዳመጫውን ነቅሎ ጣለው። ልቡ ከደስታም ከፍርሃትም ይመታል። ያን ጊዜ ቢያጠፋው ኖሮ... አላጠፋውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእሱ ጆሮ ግን ባዳም አልነበረም፤ እሱው ራሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠራዧ ምክንያት አታጣም። አንድ ቀን ቻርጀር፣ አንድ ቀን የስልክ ሽፋን። አንዴ ከተረፈ ወረቀት የጠረዘችውን ማስታወሻ ደብተር አመጣችለት። በመጣች ቁጥር ትናንት የተለማመደችውን ትናገራለች፤ እሱም አገጩን በእጁ ደግፎ ይጠብቃታል።

«እ... እንዳንተ የሚጠብቀኝ... የለም» አለችው አንድ ቀን።

ትዕግሥት መስሏታል። እሱ ግን መልሱን አስቀድሞ አይቶ ፈተና የተቀመጠ ተማሪ ነበር። «ዛሬ እነግራታለሁ» ብሎ ይነሳል፤ ስትስቅለት ደግሞ «ነገ» ይላል።

አንድ ሐሙስ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አዲስ ድምፅ ገባ፤ ሰማው።

«እኔ የተቆለፈ በር አይደለሁም። ሲከፈት የሚዘገይ፣ ክብደት ያለው በር ነኝ። ሳትገፋኝ ደጄ ላይ የቆምከው አንተ ብቻ ነህ። እወድሃለሁ።»

አርብ ጠዋት ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር መንገዱን ተሻግራ መጣች። ግንባሯ በላብ ወዝቷል።

«እኔ... የተ... የተቆለፈ በር... አይደለሁም...»

«እሺ» አለ በሹክሹክታ።

«ሲ... ሲከ... ሲ...»

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ጭንቀቷን ማየት አልቻለም።

«ሲከፈት የሚዘገይ፣ ክብደት ያለው በር ነሽ» አላት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ይህን ዓረፍተ ነገር በግምት የሚያገኘው ሰው በምድር ላይ የለም።

«የ... የት ሰማኸው?»

መዋሸት ይችል ነበር። አልዋሸም። ኢሜይሉን፣ ቁልፉን፣ የምሳ ሰዓቱን ሁሉ ነገራት። እጇን ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አነሳች።

«ሌ... ሌሎቹ ቃሌን ነው የቀሙኝ። አንተ ግን... አንተ ግን...»

አልመጣላትም። እሱም የመጨረስ መብት አልነበረውም። ጀርባዋን ሰጥታው ወጣች።

በአራተኛው ቀን ታላቂቱ በሩን በርግዳ ገባች።

«አንተ ልጅ! ምን አድርገሃት ነው? አራት ቀን አንዲት ቃል አልወጣትም። እኔም የምጨርስላት አጣሁ!»

«አጥፍቻለሁ፣ እትዬ። የልቧን ሳላስፈቅዳት ሰማሁ።»

«ምን ነበር የምትለው ደግሞ?»

«እሱን እሷ ከፈለገች ትንገርሽ። ከእኔ አይወጣም።»

ታላቂቱ ትክ ብላ አየችው። «አሁን ነው የምትጠነቀቀው?» አለችው።

ከዚያ ጠራዧ የጠረዘችለትን ደብተር አወጣና አንድ ገጽ ቀደደ። ሁለተኛውን ዓይነት ክላውድ ብቻዋን እንዴት እንደምትጭን ደረጃ በደረጃ ጻፈላት። ከሥሩ የራሱን ኢሜይልና የይለፍ ቃል አሰፈረ። «አጠፋሁት ብልሽ አታምኚኝም፤ ልክ ነሽ። ራስሽ ገብተሽ አጥፊው። የእኔም ነገር ሁሉ እዚያው ነው። ከፈለግሽ ስሚው፣ እይው።»

ውስጡ ለእናቱ የላካቸው ደብዳቤዎች አሉ። በልቅሶ የቀዳቸው፣ ሰው እንዲሰማቸው የማይፈልጋቸው ድምፆችም አሉ። ወረቀቱን አጥፎ ለታላቂቱ ሰጣት። ሰው ሲከፈት ምን እንደሚሰማው ያን ቀን ገባው።

ወር አለፈ፤ ሁለት ሳምንትም ተጨመረ። ከመንገዱ ማዶ ያለው መስኮት መጋረጃው አልተገለጠም። ደንበኛ ስልክ ሲሰጠው «ፓስወርዱን አትንገረኝ፤ ራስህ ክፈተው» ማለት ልማዱ ሆነ። ጓደኞቹ «መነኮስክ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጠራዧ ናት። ያቺን ወረቀት ይዛለች።

«የ... የኔን አጠፋሁ። ሁለተኛውን... ራሴ ጫንኩት።»

«ጎበዝ...» አለ።

«ያንተን ግን... አ... አልከፈትኩትም። አንድ ቀን... ልከፍተው ነበር። ጣቴ... እላዩ ደርሶ ነበር። ተ... ተውኩት።»

በጥፊ ብትለው ይቀለው ነበር። አንገቱን ደፋ።

«ቀ... ቀና በል። ያን ቀን ያል... ያልጨረስኩት አለ።»

ቀና አለ።

«ሌሎቹ ቃሌን ነው የቀሙኝ። አንተ ግን... የ... የሚጠብቀኝን ሰው... ነው የቀማኸኝ።»

«ይቅር በይኝ» አለ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «የይለፍ ቃልህን... ቀይረው። እ... እኔም እንዳላውቀው።»

ሊሰናበታት ነበር። እሷ ግን አልሄደችም። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች።

«ነ... ነገ...»

ምን ልትል እንደሆነ አላወቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንዲትም ፊደል አላወቀም! «ነገ አልመጣም» ልትል ነው? «ነገ መንገድ ልሄድ ነው»? ምላሱን ነከሰ። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ አለ። በመንገዱ መኪና አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም።

«ነገ... በ... በምሳ ሰዓት... ከኔ ጋር... ትሄዳለህ? በ... በእግር። ወዴት... እንደሆነ... አላውቅም።» ተነፈሰች፣ ሳቋም አመለጣት። «ይ... ይሄን አልተለማመድኩትም!»

«እሄዳለሁ» አላት እያለቀሰ።

«ገና... አልረሳሁም።»

«እጠብቃለሁ።»